ሊብሬ የሌለው ፊያት ላሜራ ነው

የድሮ የኢጣሊያ መኪኖች ገበያ ከወሰን ሲታይ

የገበያ ገጻችን እንደ ልማዱ የሚያወራው ስለ ጤፍ፣ ስለ ቡናና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ከዚያ ወጣ ብለን፣ ዋጋው በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ አንድ ሸቀጥ እናያለን። ሸቀጡ አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ ስንል የዛሬ 15 ዓመት ከዱባይ የገባችውን ቪትዝ ማለታችን አይደለም፤ አባቶቻችን በሰልፍ የተሳፈሩባትን፣ ቆም ባለች ቁጥር ወርደው የገፏትን ፊያት ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ በየካ ክፍለ ከተማ ወሰን አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ሰፊ ግቢ፣ የድሮ የኢጣሊያ መኪና ያላቸው ሰዎች መኪኖቻቸውን እንደሚያሰልፉ ሰምተን ሄድን። ትርኢት ቢባልም ትኬት የለው፣ ድንኳን የለው፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለው። መኪኖቹ 11 ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ በገመድ ተጎትተው የመጡ ነበሩ። ቡና ይፈላል፤ ባለቤቶቹ ኮፋኖ ከፍተው ይከራከራሉ፤ ልጆች ሴይቼንቶዋ ውስጥ ገብተው ጥሩምባ ይነፋሉ።

ከተመልካቹ ገሚሱ ደላላና ነጋዴ ይመስላል። አንዱ ደላላ ከመኪና ወደ መኪና እየተዘዋወረ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ይቺ ስንት ታወጣለች?» አጥጋቢ መልስ የሰጠው አላገኘም። ባለቤቶቹ ደብቀውት አልነበረም፤ እውነትም አያውቁትም። ለመሆኑ የእንዲህ ዓይነት መኪና ዋጋ ከምን ይነሳል? ገዥ ሆኖ የሄደ ሰውስ ምን አይቶ፣ ምን ነክቶ፣ ምን ጠይቆ ይመለስ? ይኸው ነው የዛሬው ጉዳያችን።

ከየት መጡ?

ወሰን ለዚህ ጨዋታ ታስቦበት የተመረጠ ቦታ ይመስላል። ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረትና በወሰን አድርጎ፣ ካራን አልፎ ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚዘልቀውን መንገድ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም «የአሥመራ መንገድ» ይሉታል። የኢጣሊያ መኪና ወደ ከተማችን የገባው በአመዛኙ ከዚሁ ከሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል፣ ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አዲስ አበባ ገባ። ሽማግሌዎች «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የሚያስታውሱት ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ የዚያ ዘመን ካሚዮኖች ናቸው። ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንጦጦ ወርደው ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ የተቀመጡት ከጠላት በተማረከ አልፋ ሮሜዎ ላይ እንደ ነበር ይተረካል። ከትርኢቱ ግቢ ቀና ቢሉ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ነው።

ጦሩ ሄደ፤ ጋራዡ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ብዙ ኢጣሊያውያን መካኒኮች እዚሁ ቀርተው ሠርተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። አዳዲስ ፊያቶች ደግሞ በምጽዋና በአሥመራ በኩል ይገቡ ጀመር። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ቤተ መዛግብት መሄድ አያሻም፤ የጋራዥ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ይበቃል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ፓራውልት፣ ጋቢና፣ ካቻቢቴ፤ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ብረት የሚቀርጸው ቶርኖ፤ ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የተቀዱ ናቸው። ዛሬ የጃፓን መኪና የሚፈታ ልጅ እንኳ የሚናገረው በቶሪኖ ቃላት ነው። ደላላውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ታርጋ «ሰሌዳ»፣ ቦሎ «ቴምብር»፣ ሊብሬ ደግሞ «ትንሽ መጽሐፍ» ከሚሉት የኢጣሊያንኛ ቃላት የመጡ ናቸው። ይቺ ትንሽ መጽሐፍ የዛሬው ወሬያችን ዋነኛ ገጸ ባሕርይ ስለሆነች ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ምን ምን ተሰልፏል?

ሕዝብ የከበባት ሴይቼንቶ ነች። ስሟ «ስድስት መቶ» ማለት ነው። ፊያት 600ን የነደፉት ዳንቴ ጃኮሳ የተባሉት መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1955 በጄኔቭ ትርኢት ላይ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ይዘቱ 633 ሲሲ፣ ጉልበቱ 22 ፈረስ ገደማ። ራሷ መኪናዋ 600 ኪሎ አትሞላም። እ.ኤ.አ. በ1960 በ767 ሲሲ ሞተር «ዲ» የተባለችው ተተካች። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ በመሆን ያገለገለችው ይህችው ናት። ኢጣሊያ ውስጥ ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1969 ቢቆምም ስፔን በሴአት ስም እስከ 1973፣ ዩጎዝላቪያ ደግሞ በዛስታቫ ስም እስከ 1985 ሠርተዋታል። ለገዥ ይህ ቁም ነገር ነው፤ የመለዋወጫ ምንጩ ከኢጣሊያ ውጪም ሰርቢያና ስፔን አለ ማለት ነውና።

የሴይቼንቶን ዕድሜ በሩቁ ለመለየት በሯን ማየት ይበቃል። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. የተሠሩት በራቸው ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያው ከኋላ፣ እጀታው ከፊት። ከዚያ በኋላ የተሠሩት እንደ ማንኛውም መኪና ናቸው። ሰብሳቢዎች የፊተኛይቱን ያስበልጣሉ። በትርኢቱ ላይ ከነበሩት ሦስት ሴይቼንቶዎች አንዷ ብቻ ነበረች እንዲህ ያለች። ባለቤቱ አዛውንት ግን ይህ ዋጋ እንዳለው ሲነገራቸው ሳቁ። እሳቸው ያን በር ሲጠሉት ነው የኖሩት፤ ነፋስ ሲመታው ይከፈታል ብለው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንጨምር። ሴይቼንቶ እንጦጦ ላይ የኋላ ክዳኗን ከፍታ ስትወጣ ያየ ሰው የተበላሸች ይመስለዋል። ነገሩ ግን ፊዚክስ ነው። ወሰን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ያ 22 ፈረስ ወሰን ሲደርስ 17 ያህል ነው። አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይግላል። የድሮ ሾፌሮች ክዳኑን በእንጨት ደግፈው አየር ያስገቡለት ነበር። እንግዲህ ገዥ የሆነ ሰው በሜዳ ላይ ሁለት ዙር ነድቶ «ሞተሯ ጤነኛ ነች» ብሎ ገንዘብ እንዳይቆጥር። ዳገት ይውጣባት። ወሰን ላይ ዳገት አይጠፋም።

ቀጥላ የቆመችው ፊያት 1100 ነበረች። «ሚሌቼንቶ» የምትባለው ይህች መኪና በአዲሱ ቅርጿ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1969 ተሠርታለች። ታናሿ የደሃ፣ እሷ የመምህርና የጸሐፊ መኪና ነበረች ማለት ይቻላል። ሕንድ ውስጥ በፈቃድ ተሠርታ፣ በኋላ «ፕሪሚየር ፓድሚኒ» ተብላ የሙምባይ ታክሲ ሆና ኖራለች፤ የመጨረሻዎቹ ከአገልግሎት የወጡት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ነው። ከሕንድ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው፤ የቦምቤ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ የኛ ሚሌቼንቶ ቴስታታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛዋ ብዙ ክርክር ያስነሳችው ፊያት 124 ነበረች። ይህች መኪና የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በዓመቱ በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። በዚያው በ1966 ፊያትና የሶቪየት መንግሥት ተዋውለው፣ በኢጣሊያዊው ኮሚኒስት መሪ በቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ፋብሪካ ተተከለ። ከ1970 ጀምሮ ከዚያ የወጣችው መኪና የኛው ላዳ ነች። እናት አንድ፣ ልጆች ሁለት። ነገር ግን ሩሲያውያኑ የራሳቸውን መንገድ ታሳቢ አድርገው ብዙ ነገር ለውጠዋል፤ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ሞተሩንም ሌላ ዓይነት አደረጉት።

ታዲያ ደላላ ሆይ፣ እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ! ላዳ በከተማችን እንደ ልብ ነበረች፤ ፊያት 124 ግን ብርቅ ነች። ከላዳ ላይ የፊያት ምልክት ለጥፎ የሚመጣ አይጠፋም። ለመለየት ሁለት ነገር ይዩ። የበሩ እጀታ በሩ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ላዳ ነች፤ ወጣ ብሎ በአውራ ጣት የሚጫኑት ከሆነ ፊያት። ከዚያ የኋላ ጎማ ይፈታ፤ ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ፊያት፣ ከበሮ ከሆነ ላዳ። በወሰኑ ትርኢት ላይ ይህ ፈተና ሲደረግ አይተናል። መኪናዋ አካሏ እውነተኛ ፊያት ሆኖ ተገኘ፤ ሞተሯ ግን የላዳ። ባለቤቱ ወጣት ከወንድሙ የወረሳት ነች፤ ሞተሯ መቼ እንደ ተቀየረ አያውቅም። ፊቱ ሲለወጥ አይተን አዘንን።

በግቢው ጥግ አንድ ግዙፍ ነገር ቆሟል። ኤንትሬ! ፊያት 682 ኤን 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጀመረው የ682 ዘር በአፍሪካ በረሃና ዳገት ስሙን ያስጠራ ሲሆን፣ በኛም አገር እህልና ነዳጅ ሲያመላልስ ኖሯል። አንድ ተመልካች መሪው በቀኝ በመሆኑ «የእንግሊዝ ነው» ብሎ ሲከራከር ሰማን። ስሕተት ነው። ኢጣሊያውያን በከባድ መኪኖቻቸው ላይ መሪውን ለረጅም ዘመን በቀኝ ነበር የሚያደርጉት፤ በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ነው። የኛም አገር ቢሆን በግራ መንዳት ትቶ ወደ ቀኝ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጣርማ በርን በኤንትሬ የወጣ ሾፌር ያ የቀኝ መሪ ምን እንደ ጠቀመው ራሱ ይናገር።

ዋጋው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከትርኢቱ ባለቤቶችና ደላሎች ጋር ስንነጋገር የተረዳነው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ስለ ቀለም፣ ስለ ክሮም፣ ስለ ወንበር ቆዳ ያወራል። ገዢው ግን መጀመሪያ ማየት ያለበት ሊብሬውን ነው። ላሜራ ባትላሜራ ያቃናዋል፤ ፒስቶን ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፤ የሞተ ሰው ፊርማ ግን ጋራዥ አይሠራውም።

የአሮጌ መኪና ሊብሬ ብዙውን ጊዜ በአባት ወይም በአያት ስም ነው ያለው። ባለ ስሙ ካረፉ 20 ወይም 30 ዓመት ሊሆናቸው ይችላል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ስለኖረች ቤተሰቡ ስም ለማዛወር ያሰበበት ቀን የለም። ስለዚህ ሻጭ ነኝ የሚለው ሰው በሕግ ፊት ሻጭ ላይሆን ይችላል። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ አምስት ከሆኑ አምስቱም መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ አሜሪካ ከሆኑ ከዚያ ውክልና ይላኩ ይባላል። ይህን ሁሉ ሳያስቡ «ቀብድ ተቀበል» የሚል ደላላ የሁለቱንም ወገን ገንዘብ ውኃ ያስበላዋል።

ሌላው የተለመደ መንገድ በውክልና መሸጥ ነው። ሻጭ ስም ሳያዛውር ለገዥው «መኪናዬን ሸጦ እንዲለውጥ» ብሎ ውክልና ይሰጠዋል፤ ገዥውም ለሦስተኛ፣ ሦስተኛውም ለአራተኛ ያስተላልፋል። በሰፈር ገበያ ይህ የተለመደ ቢሆንም ውክልና በወካዩ ሞት የሚቋረጥ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለቪትዝ ገዥ ይህ የሩቅ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ወካዩ ገና ወጣት ነውና። ለሴይቼንቶ ገዥ ግን የነገ ጠዋት አደጋ ነው፤ ባለ ሊብሬው 85 ዓመት ሞልቷቸዋልና። በትርኢቱ ካየናቸው 11 መኪኖች ሊብሬያቸው በያዛቸው ሰው ስም የሆኑት አራት ብቻ እንደ ነበሩ ባለቤቶቹ ራሳቸው ነግረውናል።

ሊብሬው በስም ደረጃ ጤነኛ ከሆነ ቀጥሎ ቁጥሩ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ደላላ የሚደነግጥበት ነገር ስላለ እናብራራው። መኪናዋ 600 ሆና የሻንሲው ቁጥር በ«100» ሲጀምር «ቁጥሩ ተቀይሯል» ብለው የሚሸሹ አሉ። አልተቀየረም። ፊያት ለየመኪናው የፋብሪካ መለያ ቁጥር ነበረው፤ የሴይቼንቶ 100፣ የትንሿ 500 ቁጥር 110፣ የሚሌቼንቶ 103 ነው። እንዲያውም 600 ነች ተብላ ቀርባ ሻንሲዋ ላይ 100 ከሌለ ነው መደንገጥ። የሞተር ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴይቼንቶ ሞተር በ100፣ የኋለኛዋ «ዲ» ደግሞ በ100 ዲ ይጀምራል። ሞተሩ ላይ ያለውና ሊብሬው ላይ የተጻፈው ካልተገናኙ ያ የላዳ ሞተር ያላት ፊያት ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ሞተር መቀየር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሳያስመዘግቡ መቀየር ግን ስም በሚዛወርበት ቀን ጣጣ ያመጣል። ዋጋውንም ይቀንሳል፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ከፋብሪካ ጋር ለወጣው ሞተር ነውና።

የዓመታዊ ምርመራውና የቦሎው ነገርም አለ። ለ15 ዓመት ቆማ የነበረች መኪና ስንት ዓመት ቦሎ እንዳልተለጠፈባት፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከመግዛት በፊት ሄዶ መጠየቅ ነው። ከገዙ በኋላ የተሰማ ሂሳብ የገዢ ሂሳብ ነው።

ወደ ውጭ ገበያ የሚያስብ ሰው ሌላ ወረቀትም ማግኘት ይችላል። ቶሪኖ ውስጥ የፊያት፣ የላንቺያ፣ የአልፋ ሮሜዎና የአባርት የታሪክ ክፍል በሻንሲ ቁጥር የመኪናውን የልደት የምስክር ወረቀት ያወጣል፤ መቼ እንደ ተሠራ፣ ቀለሙ ምን እንደ ነበር ይገልጻል። በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን «ታሪካዊ» የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በዋናው ይዞታው የተጠበቀና በየዕለቱ ለሥራ የማይሽከረከር ተሽከርካሪን ነው። በዚህ መለኪያ ከነጭና ሰማያዊ ቀለሟ ጋር ዛሬም ስትሠራ የምትውል ላዳ ታሪካዊ አይደለችም ማለት ነው። ሾፌሯ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

በሩ ተዘግቷል፤ ዋጋው ግን ወጣ?

ከደላሎቹ አንዱ እንዲህ ሲል ተከራክሮናል። መኪና ማስገባት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ስለዚህ ያሉት መኪኖች ዋጋ ይጨምራል፤ የጥንቶቹማ ይልቁን። የክርክሩ የመጀመሪያ ክፍል ትክክል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። እንግዲህ 1955 ሞዴል ፊያት ከውጭ ገዝቶ አስገብቶ ማትረፍ የማይታሰብ ነው። ያሉን ያሉን ናቸው። ከዚህ ወዲያ ቁጥራቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን አንስማማም። ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ ፈላጊ ያስፈልጋል። የቪትዝ ገዥ ሺህ ነው፤ የሚሌቼንቶ ገዥ ስንት ነው? ምናልባት ለጌጥ የሚያቆማት ሆቴል፣ ለሠርግ የሚያከራይ፣ ማስታወቂያና ፊልም የሚሠራ፣ አባቱን የሚያስታውስ ዳያስፖራ። እነዚህ በዓመት ጥቂት ናቸው፤ ሲመጡም የሚፈልጉት የምትነሳዋን መኪና ነው። ስለዚህ በዛሬ ገንዘብ ገዝቶ በስድስት ወር ሸጦ አተርፋለሁ የሚል ነጋዴ ገንዘቡን ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታው ያገኘዋል። ይህ ገበያ ትዕግሥተኛ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የባንክ ብድር ወለድ የሚቆጥርበት ሰው ባይገባበት ይሻለዋል።

በዚህ ላይ የውጭ ዜና ሰዎችን ያሳስታል። ፌራሪ 250 ጂቲኦ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እውነት ነው። ጊያ የተባለው የቶሪኖ ፋብሪካ በፊያት 500 እና 600 ላይ በር አልባ አካልና የዘንቢል ወንበር አድርጎ የሠራት «ጆሊ» የተባለችው የመዝናኛ መኪና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠችበት ጊዜ አለ። ይህን የሰሙ አንድ ሻጭ በትርኢቱ ላይ ለተራ ሴይቼንቶ የጠሩትን ዋጋ እዚህ አንጽፈውም፤ ራሳቸውም ነገ ሲያነቡት ያፍራሉ። ጊያ ያለበሳትና እኛ ሰፈር ታክሲ የነበረችው ሞተራቸው አንድ ቢሆንም ገበያቸው አንድ አይደለም።

የወጪው ጎን ደግሞ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማና መስተዋት በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። የሞተር ዕቃ ችግሩ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ቶርኖ ቤቶቻችን ብዙውን ይቀርጹታል። አስቸጋሪዎቹ ቶርኖ የማይቀርጻቸው ናቸው። የንፋስ መከላከያ መስተዋት፣ የበር ላስቲክ፣ የፍሬቻ ብርጭቆ፣ የክሮም ጌጥ። እነዚህ የተሟሉላት መኪና ሞተሯ ቢነክስም ትገዛ፤ ሞተሯ እንደ ሰዓት እየሠራ መስተዋቷ የተሰነጠቀ ግን በደንብ ይታሰብባት። ይህ ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው።

የሰው እጅም መለዋወጫ ነው። የዌበር ካርቡራቶርን በጆሮው አዳምጦ የሚያስተካክል መካኒክ ዛሬ በኮምፒዩተር ከሚመረምረው ወጣት ጋር አንድ አይደለም። ትርኢቱ ላይ የነበሩት አንድ አረጋዊ መካኒክ ሦስት መኪና በተከታታይ ሲያስነሱ አይተናል፤ መሣሪያቸው አንድ ካቻቢቴና አንድ ጨርቅ ነበር። ዕድሜያቸው 78 ነው። ረዳት አላቸው ወይ ብለን ብንጠይቅ ልጃቸው የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እየተማረ መሆኑን ነገሩን።

ሽያጭ ሳይሆን ክብደት የሚያይ ገዥም አለ። ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡት ሰዎች ሊብሬ አይጠይቁም፤ ወራሽ አይቆጥሩም፤ ሚዛን ብቻ ነው የሚይዙት። ወረቀቷ የተበላሸ መኪና ብዙ ጊዜ መጨረሻዋ እዚያ ነው። ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት ምልልስ ከሚደክም ግቢውን ማጽዳት ይመርጣል። ይሁን እንጂ በራሷ የማትሸጥ መኪና እንኳ ተፈታትታ ለሌሎች ሁለት መኪኖች ሕይወት ትሆናለች። መስተዋቷ፣ በሯ፣ የዳሽቦርዷ ሰዓት በኪሎ ከሚገኘው የበለጠ ያወጣሉ። ለቆራሌው ከመጥራት በፊት ለአንድ ሴይቼንቶ ባለቤት ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መኪኖቹ መበተን ጀመሩ። ያ ደላላ በመጨረሻ በኋላ የምትከፈተዋ በር ባለቤት ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው?» አላቸው።

«በአባቴ» አሉት።

«ወንድም እህት አለዎት?»

«ስድስት ነን። አንዱ ቶሮንቶ ነው፤ አንዷ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቿ አሉ።»

ደላላው ዋጋ አልጠራም። ኮፋኖው ተከፍቶለት የሻንሲውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ በ100 ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አብረን እንሂድ ብሎ ሰዓት ተቀጣጠሩ። አዛውንቱ መኪናዋን አስነሱ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። የኋላ ክዳኗን በእንጨት ደግፈው ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ አቀኑ።